ነሐሴን በኤድንብራ፦ ፍሪንጅን ለማየት ለሚሄድ የትያትር ተማሪ

በዓለም ትልቁ የመድረክ ጥበባት ፌስቲቫል የሚካሄደው እኛ ዘንድ ክረምት ገብቶ ትምህርት በሚዘጋበት ወቅት ነው። የኤድንብራ ፍሪንጅ በፈረንጆች ኦገስት ወር ከሦስት ሳምንት በላይ ይቆያል። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ የነሐሴን አጋማሽ ጥቂት ያልፋል። በእነዚህ ቀናት በስኮትላንድ ዋና ከተማ ከ3,000 በላይ ትርኢቶች ይቀርባሉ። የዩኒቨርሲቲ መማሪያ ክፍል፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የመጠጥ ቤት ምድር ቤት፣ አንዳንዴም የቆመ አውቶቡስ ሳይቀር ትያትር ቤት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ትርኢት ማን ይመርጠዋል? ማንም። ነገሩ የተጀመረው በ1947 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት የኤድንብራ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ሲከፈት ያልተጋበዙ ስምንት የትያትር ቡድኖች መጥተው ባገኙት አዳራሽ ሥራቸውን አሳዩ። በ1958 የተቋቋመው የፍሪንጅ ማኅበርም እስከ ዛሬ ፕሮግራም ያሳትማል፣ ትኬት ይሸጣል እንጂ ይሄ ይግባ፣ ያ ይውጣ አይልም። ክፍል ያገኘና የምዝገባ ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ይገባል። በ1966 የኦክስፎርድ ተማሪዎች የቶም ስቶፓርድን «ሮዘንክራንትዝና ጊልደንስተርን ሞተዋል» ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩት እዚህ ነው፤ በማግስቱ ዓመት ተውኔቱ የለንደን ብሔራዊ ትያትር መድረክ ላይ ወጣ። በ2017 የኬምብሪጅ ተማሪዎች ያመጡት «ሲክስ» የተባለ ሙዚቃዊ ትያትርም ኋላ ብሮድዌይ ደርሷል። በእነዚህ ጎን ለጎን ደግሞ ለአምስት ተመልካች ተሠርቶ፣ ለአምስት ተመልካች የሚያበቃ ሞልቷል።

ስለዚህ ምርጥ ምርጡን ብቻ ለመልቀም የሚሄድ ተማሪ ገንዘቡም ጉልበቱም ያልቅበታል። ትያትር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የሚሄድ ግን ከተበላሸውም ይማራል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ለዚህ ለሁለተኛው ነው። አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ትያትር የምታጠኑ፣ ወይም ለንደንና ስቶክሆልም አድጋችሁ የድራማ ትምህርት ቤት የገባችሁ፣ ለማየት እንጂ ለማቅረብ የማትሄዱ ከሆነ ያግዛችኋል።

ከጥር እስከ ሰኔ፦ ወረቀትና ማደሪያ

መጀመሪያ የሚያልቀው አልጋ ነው። በኦገስት የከተማዋ ኪራይ ሰማይ ይነካል፤ ነዋሪው ራሱ ቤቱን አከራይቶ ከተማውን ለቅቆ የሚሄድበት ወር ነው። ጥር ወይም የካቲት ላይ ፈልጉ። ለተማሪ የሚያዋጡት ሦስት ናቸው፦ በክረምት ባዶ የሚሆኑት የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች፣ ብዙ አልጋ ያላቸው ሆስቴሎች፣ እና ግላስጎው ማደር። ግላስጎው በባቡር ወደ ሃምሳ ደቂቃ ትርቃለች፤ አልጋዋም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ግን የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት አስቀድማችሁ እወቁ፤ እኩለ ሌሊት ላይ የሚያልቅ ትርኢት መርጣችሁ ጣቢያ ላይ እንዳታነጉ። በግላስጎው ካደራችሁ የሌሊቱን ትርኢት መተው ነው። ብዙም አይጎድልባችሁም።

ቪዛ ለሚያስፈልጋችሁ፦ ስኮትላንድ የራሷ ቪዛ የላትም፣ የዩናይትድ ኪንግደም መደበኛ የጎብኚ ቪዛ ነው የሚጠየቀው። አውሮፓ ለምትኖሩም የሼንገን መኖሪያ ፈቃድ ብቻውን እዚያ አያስገባም። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው፤ ኦገስት መግቢያ ላይ ለሚጓዝ ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ማለት ነው። መልሱ በተለምዶ አሻራ ከሰጣችሁ በኋላ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ቢባልም እስከ ሰኔ መጨረሻ አትዘግዩ። ተማሪ መሆናችሁን የሚገልጽ፣ መስከረም ላይ ወደ ትምህርት እንደምትመለሱ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍላችሁ አውጡ። ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በባንክ መግለጫ አሳዩ። አማርኛ የሆነ ሰነድ ሁሉ በተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይያያዝ። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት ወይም ማደሪያ አትግዙ፤ ሲሰርዙት የሚመልስ ማደሪያ ትንሽ ቢወደድም እሱን ያዙ።

ስንት ቀን? አንድ ሳምንት ካገኛችሁ በቂ ነው። የትኛው ሳምንት የሚለው ግን ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚቀርቡት የሙከራ ትርኢቶች ናቸው፤ ዋጋቸው ይቀንሳል፣ ሥራው ገና አልተስተካከለም፣ ተዋናዩም ይፈራል። በልማድም የመጀመሪያው ሰኞና ማክሰኞ ላይ ብዙ ትርኢቶች ሁለት ትኬት በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ጥሩው ሥራ ተለይቶ ታውቋል፣ ትኬቱ አልቋል፣ ተዋናዮቹም ደክመዋል። ለተማሪ መጀመሪያው ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ፕሮግራሙን ማንበብ

ሙሉው ፕሮግራም ሰኔ መግቢያ አካባቢ ይወጣል። እንደ ስልክ ማውጫ የወፈረ ነው፤ ከሽፋን እስከ ሽፋን ማንበብ የሚቻል አይደለም፣ አትሞክሩትም። ትርኢቶቹ በዘርፍ ተከፍለዋል፦ ትያትር፣ ኮሜዲ፣ ውዝዋዜ፣ አካላዊ ትያትርና ሰርከስ በአንድነት፣ ሙዚቃ፣ የልጆች ትርኢት እያለ ይቀጥላል። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ኮሜዲ ነው። ከኮሜዲው አንድ ሁለት ማየት ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ ግን የእንግሊዝን ፖለቲካና የቴሌቪዥን ሰዎች ካላወቃችሁ ሌላው ሲስቅ እናንተ ዘግይታችሁ ትስቃላችሁ።

አምስት ትርኢት ብቻ አገር ቤት ሳላችሁ ግዙ። ቀሪውን እዚያ ስትደርሱ ትወስናላችሁ። አምስቱን እንዲህ አከፋፍሉ።

አንዱን ከትራቨርስ። ትራቨርስ በ1963 የተመሠረተ፣ አዲስ ተውኔት ላይ ያተኮረ ትያትር ቤት ነው። ፍሪንጅ ውስጥ ሥራዎችን ራሳቸው መርጠው ከሚያቀርቡት ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ጽሑፍ የምትወዱ ከዚህ ጀምሩ። በፌስቲቫሉ ወቅት የሚታዩት አዳዲስ ተውኔቶች ብዙዎቹ ታትመው እዚያው ይሸጣሉ። ከማየታችሁ በፊት አታንብቡት፤ አይታችሁ፣ አንብባችሁ፣ አዘጋጁ ምን እንደጨመረ መዝግቡ።

ሁለተኛውን ከሰመርሆል። ቀድሞ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ነበር። የአናቶሚ አዳራሹ ወንበሮች ቁልቁል ወደ መሃል ያፈጠጡ ናቸው፤ ድሮ ተማሪው የሚገነጠለውን በድን ያይ ከነበረበት ላይ ሆናችሁ ተዋናዩን ትመለከታላችሁ። ለመድረክ ያልተሠራ ክፍል ትያትሩን እንዴት እንደሚለውጠው ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሦስተኛው የተማሪዎች ሥራ ይሁን። ቤድላም የሚባለው ትያትር ቤት የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያስተዳድሩታል። በር ላይ ትኬት የሚቀበሏችሁ፣ መብራቱን የሚይዙት፣ መድረክ ላይ የሚወጡት ብዙዎቹ የእናንተ እኩዮች ናቸው።

አራተኛው ሰርከስ ወይም ውዝዋዜ ይሁን፤ ቋንቋው ለሁሉም እኩል ነው። በዚህ ዘርፍ የእኛ ሰዎች ስም አላቸው። ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም የተባሉት ወንድማማቾች የመሠረቱት ሰርከስ አቢሲኒያ በ2017 «የኢትዮጵያ ሕልሞች»ን፣ ኋላም በአትሌት ደራርቱ ቱሉ ሕይወት ላይ የተመሠረተውን «ቱሉ»ን ሜዶውስ በተባለው ሰፊ ሜዳ ላይ በተተከለ የሰርከስ ድንኳን አሳይቷል። በዚያ ድንኳን ውስጥ ከሚቀመጡት መካከል ከሌሎች አገሮች ሥራ ሊገዙ የመጡ የፌስቲቫልና የትያትር ቤት ሰዎች እንዳሉ አትርሱ። ፍሪንጅ ገበያም ነው።

አምስተኛውን ከምታውቁት ሁሉ የራቀውን ምረጡ፤ በማታውቁት ቋንቋ የሚቀርብ፣ አሻንጉሊት ብቻ የሚጫወትበት፣ በጨለማ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ፣ ምንም ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ሰዓት። ፕሮግራሙ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ነው የተጻፈው። 14:20 ማለት በእኛ ከቀኑ 8፡20 ነው። በአማርኛ ስትቀጣጠሩ «ስምንት ሰዓት» ያለውና «ኤይት» ብሎ የሰማው ተለያይተው አንዱ በር ላይ ሌላው አልጋ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ቡድኑ አንድ አቆጣጠር ይምረጥና እስከ መጨረሻው በዚያ ይጽና። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚጀምሩት ደግሞ ቀኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ።

እንግሊዝኛው ለጆሯችሁ ከፈጠነ፣ አንዳንድ ትርኢቶች የሚነገረውን በጽሑፍ የሚያሳዩባቸው ቀናት አሏቸው። የተዘጋጀው መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች ነው፤ ለእናንተም ይሆናል። ፕሮግራሙ ላይ ምልክት ተደርጎበታል።

ከተማው ፎቅ አለው

ኤድንብራ ውስጥ ካርታ የሚያሳስታችሁ በአንድ ምክንያት ነው፦ መንገዶቿ አንዱ በሌላው ላይ ያልፋሉ። ካውጌት የሚባለው ጎዳና ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ጆርጅ አራተኛ ድልድይና ሳውዝ ብሪጅ ከላዩ ያልፋሉ። ስልካችሁ ላይ «ደርሳችኋል» ይላል፣ ቦታው ግን ከእግራችሁ በታች ጥቂት ፎቆች ዝቅ ብሎ ነው። ደረጃ ፈልጉ፤ በየቤቱ መካከል የሚሹለከለኩ ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ያወርዳሉ።

በሁለት ትርኢቶች መካከል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዉ፤ ከሰመርሆል ተነስታችሁ ከተማውን አቋርጣችሁ ጆርጅ ስትሪት የምትሄዱ ከሆነ አርባ አምስት ደቂቃ። ሮያል ማይል በተባለው ጎዳና ላይ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ሰልፍ ስለሚገፋፋ በዚያ ለማቋረጥ አትሞክሩ። ይህን የምለው ለምቾት ብቻ አይደለም። በፍሪንጅ አርፍዶ የመጣ አይገባም። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ በሩ የሚከፈተው መድረኩ ጎን ነው፣ ገንዘቡም አይመለስም። ለምናችሁም አይሆንም። አብዛኛው ወንበር ቁጥር ስለሌለው የፈለጋችሁት ቦታ ለመቀመጥ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ተሰለፉ። ኮሜዲ ላይ ከፊት የተቀመጠ መቀለጃ እንደሚሆን እያወቃችሁ ምረጡ።

አየሩ የአዲስ አበባን ሐምሌ ለሚያውቅ እንግዳ አይሆንም፤ ቀን ላይ አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ፣ ዝናቡ ሲያሰኘው። ጃንጥላ በነፋሱ ይገለበጣል፣ ቆብ ያለው የዝናብ ካፖርት ይሻላል። ውስጥ ግን ክፍሎቹ ይታፈናሉ፤ የሚወልቅ ነገር ደርቡ። ጫማ ሳይሆን ሶል አስቡ፤ ድንጋይ ንጣፉ ሲረጥብ ያንሸራትታል።

እንዴት ይታያል

በቀን ሦስት ይበቃል። አምስት ስድስት አየሁ ብሎ የሚፎክር ይገጥማችኋል፤ ማታ ላይ የሦስተኛውን መጨረሻ ለአራተኛው ሲሰጥ ትሰሙታላችሁ። ከእያንዳንዱ ትርኢት በኋላ ሃያ ደቂቃ ተቀምጣችሁ ጻፉ። ትርኢቱ እየታየ አይደለም፤ በሠላሳ ሰው ክፍል ውስጥ ደብተር የሚያገላብጥ ሰው ሲያይ ተዋናዩ ሃያሲ የመጣበት ይመስለዋል።

ምን ይጻፋል? «ደስ ይላል»፣ «አይረባም» የሚል ቃል ከደብተራችሁ አስወጡ። ይልቅ፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ተመልካቹን የጨዋታውን ሕግ በምን አስተማሩት? ስንት ተዋናይ፣ ስንት ገጸ ባሕርይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየሩ ምን ለወጡ፣ ድምፅ ነው፣ አቋቋም ነው፣ ኮት ነው? መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ፣ ሳይጠፋ የትዕይንት ለውጡ እንዴት ታወቀ? የሰለቻችሁ በየትኛው ደቂቃ ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለመጥፎ ትርኢት ሲሆን ወርቅ ነው። ጥሩ ሥራ ስፌቱን ይደብቃል፤ የተበላሸው ሁሉን ያሳያል። አርባኛው ደቂቃ ላይ ልባችሁ የሸፈተው ጸሐፊው ያንኑ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ስለነገራችሁ ከሆነ፣ የራሳችሁን ረቂቅ አውጡና ያው ነገር የት እንዳለ ፈልጉ።

እናም ተነስታችሁ አትውጡ። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት አንድ ሰው ሲወጣ ተዋናዩ ያየዋል። አንድ ሰዓት ነው፣ ይታለፋል።

ሰዓቱን ካነሳን እዚያ ላይ እንቆይ። አብዛኛው የፍሪንጅ ትርኢት ከሃምሳ እስከ ስልሳ ደቂቃ ነው። ምክንያቱ ውበት አይደለም፣ ኪራይ ነው፦ አንዱን ክፍል ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ብዙ ቡድኖች ይፈራረቁበታል። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ በዚያ ውስጥ ተመልካቹ ይወጣል፣ ቁሳቁሱ ይነሳል፣ የሚቀጥለው ይተከላል፣ አዲሱ ተመልካች ይገባል። ለዚህ ነው መድረኩ ላይ አንድ ወንበር፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ መብራት የምታዩት። ጸሐፊዋና ተዋናይዋ ፊቢ ዋለር ብሪጅ በ2013 «ፍሊባግ»ን እዚህ ስታሳይ ብቻዋን ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

ይህን የምነግራችሁ እንድትደነቁ አይደለም፣ እንድትለኩት ነው። ሁለት ትርኢት ከሚፈራረቅበት በር ውጭ ቁሙ። የሚወጣውን ዕቃ ቁጠሩ፣ የሚገባውን ቁጠሩ፣ ማን ምን እንደተሸከመ እዩ። ተዋናይዋ ገና የመጨረሻውን ጭብጨባ ተቀብላ ላቧ ሳይደርቅ ጠረጴዛ ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ማታ፣ አገር ቤት የሠራችሁትን ወይም ያያችሁትን አንድ የሁለት ሰዓት ትያትር አስቡና፦ ዕቃው በሁለት ሻንጣ ይግባ፣ ታሪኩ በሃምሳ አምስት ደቂቃ ይለቅ፣ ምን ይቀራል? ሳሎኑ፣ ሶፋው፣ በር የምታንኳኳዋ ጎረቤት ይቀራሉ? ጥያቄው ያበሳጫል፤ ጥሩ ነው። ሁሉም ትያትር አንድ ሰዓት ይሁን የሚል እምነት የለኝም። እንዲያውም ፍሪንጅ ያሳደጋቸው አንዳንድ ጸሐፊዎች ከስልሳ ደቂቃ በላይ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ይመስለኛል። መቁረጥን ለመልመድ ግን መቁረጫው ላይ መቆም ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠውን መልመጃ፦ አንድ ትርኢት ሁለት ጊዜ እዩ። በሙከራዎቹ ቀናት አንድ ጊዜ፣ ከአምስት ወይም ከስድስት ቀን በኋላ ሌላ ጊዜ። የመጀመሪያውን ሳምንት ምረጡ ያልኩት ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትያትር በሳምንት አንድ ቀን ለወራት ይታያል፤ ለውጡ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ዓይን አይይዘውም። እዚህ በየቀኑ ስለሚጫወቱ በሳምንት ውስጥ ሥራው ሲበስል ይታያል። የተቆረጠው ንግግር የትኛው ነው? ሳቅ ያልመጣበት ቀልድ ወጣ ወይስ ፍጥነቱ ተቀየረ? ተዋናዩ ዝምታን መታገስ ተማረ? ተመልካቹ ሲለዋወጥ እሱስ? ብዙ ተማሪ ለሁለተኛው ትኬት ገንዘብ ለማውጣት ይሳሳል፣ አዲስ ነገር የሚቀርበት ይመስለዋል። ከሳምንቱ ሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን እሱ ነው።

እንዲሁም አንድ ጠዋት ማንም ወደማይሄድበት የአራት ሰዓት ትርኢት ሂዱ። ባዶ ወንበር ፊት ሙሉ ጉልበት ማውጣት ከመምህር የሚሰማ ነገር አይደለም፣ መታየት አለበት።

በመምህር መሪነት በቡድን ለምትሄዱ፦ ሁላችሁም አንድ ትርኢት ላይ አትግተልተሉ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተበተኑና ማታ ተገናኙ። እያንዳንዱ ጥንድ ያየውን ይተርክ፣ አስተያየት ግን የሚፈቀደው ከትረካው በኋላ ብቻ ይሁን። መምህሩ መጨረሻ ይናገር፤ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሁሉ እሱን ያስተጋባል።

በራሪ ወረቀትና ኮከብ

ሮያል ማይል ላይ በየሁለት እርምጃው በራሪ ወረቀት ይዘረጋላችኋል። ብዙው ተሜ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። እናንተ ግን ቁሙ፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ተዋናዩ ራሱ፣ አንዳንዴም ደራሲውና አዘጋጁ ነው። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ሥራውን ሊሸጥላችሁ ይሞክራል። አዳምጡትና «አንተ ውስጡ ምን ትሠራለህ?» በሉት፤ የተሸመደደው ማስታወቂያ ያልቅና ሰውየው ይወጣል። ከዚያ የራሳችሁን ተውኔት በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመንገር ሞክሩ። አብዛኞቻችን አንችልም። የመመረቂያ ሥራችሁን ለኮሚቴ ስታቀርቡ ይኸው ችግር ይጠብቃችኋል።

ፖስተሮቹ ላይ የሚለጠፉትን ኮከቦች በጥርጣሬ እዩ። አምስት ኮከብ የሰጠው ማነው? «ዘ ስኮትስማን» ጋዜጣ፣ «ዘ ሊስት» ወይም «ፌስት» መጽሔት ከሆነ የሚነበብ ነገር አለ፤ ስሙ በአጉሊ መነጽር የሚነበብ ከሆነ ተዉት። ስኮትስማን ከ1973 ጀምሮ ለአዳዲስ ተውኔቶች የሚሰጠው ፍሪንጅ ፈርስት ሽልማት በፌስቲቫሉ ሳምንታት ውስጥ በየሳምንቱ ስለሚታወቅ እሱን ተከታተሉ። ግምገማ ግን የራሳችሁን ከጻፋችሁ በኋላ አንብቡ።

ኪስና ሆድ

የአብዛኛው ትኬት ዋጋ ከ10 እስከ 20 ፓውንድ ባለው ውስጥ ነው። የተማሪ መታወቂያ ብዙ ቦታ ይቀንሳል፣ እንግሊዝኛ የተጻፈበት መሆኑን አረጋግጡ። ነጻ ትርኢቶችም በብዛት አሉ፤ መግቢያ አይከፈልም፣ ሲያልቅ ተዋናዩ ባልዲ ወይም የካርድ ማሽን ይዞ በር ላይ ይቆማል። ነጻ ነው ብላችሁ ዓይናችሁን መሬት ተክላችሁ አትውጡ፤ ያቅማችሁን ጣሉ። ባልዲው የዚያ ሰው የቀን ገቢ ነው።

ለኦርቶዶክስ ልጆች፦ ፍልሰታ ሙሉ በሙሉ እዚህ ወር ውስጥ ትውላለች። አትጨነቁ፣ ከተማው ለጾመኛ ምቹ ነው። «ቪጋን» የተባለው ሁሉ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም፤ ከሱፐርማርኬት ሳንድዊች እስከ ትልቅ ምግብ ቤት ተጽፎበት ታገኙታላችሁ። ኒኮልሰን ስኩዌር ያለው ሞስክ ኪችን ደግሞ የፍሪንጅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ርካሽ የሩዝና የወጥ ቤት ነው፤ ለሙስሊም ተማሪም ሐላል ስለሆነ ቡድኑ ሳይከፋፈል ይበላል። የቧንቧው ውሃ ይጠጣል፣ ኮዳ ያዙ። ማታ ካውጌትና ግራስማርኬት አካባቢ ሰካራም ይበዛል፣ ብቻችሁን አትመለሱ።

ይሉኝታን ለአንድ ሳምንት

ከትርኢት በኋላ ተዋናዮቹ ፕሌዛንስ በተባለው የትርኢት ቦታ ግቢ ውስጥ ወይም ሰመርሆል መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ይሉኝታ ይዟችሁ ከሩቅ ትቆማላችሁ፤ እነሱ ደግሞ የሚያናግራቸው ሰው እየጠበቁ ነው። ሂዱና አንድ የተወሰነ ነገር ጥቀሱ፦ «ደብዳቤውን ስታነብ ጀርባህን የሰጠኸን ለምንድን ነው?» ከዚህ የሚጀምር ወሬ ሩቅ ይሄዳል፤ «ግሩም ነበር» የሚለው ግን «አመሰግናለሁ» ላይ ያልቃል። ስለ ገንዘቡም ጠይቁ፤ አይቆጡም። ክፍሉን በምን ውል እንደያዙት፣ ከትኬቱ ቦታው ስንት እንደሚወስድ፣ ማደሪያ ስንት እንዳወጡ። ብዙዎቹ ከስረው እንደሚመለሱ ይነግሯችኋል። አንድ ቀን ለማቅረብ መምጣት ለምታስቡ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ የሚጠቅም ወሬ ነው።

በመጨረሻ፣ ከተውኔቶቹ አንዱን ወደ አማርኛ መልሳችሁ ለመመረቂያ ልትሠሩት ካሰባችሁ፣ የታተመውን ጽሑፍ ሳትገዙ አትመለሱ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የማሳየት ፈቃድ ከማን እንደሚጠየቅ፣ የደራሲው ወኪል ስምና አድራሻ ታትሟል። የመተርጎም ፈቃድና የማሳየት ፈቃድ ለየብቻ ስለሆኑ ሁለቱንም ጠይቁ። የተማሪ ሥራ መሆኑን፣ ስንት ቀን እንደሚታይ፣ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ትኬት ይሸጥ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉ። መልሱ ሊዘገይ ስለሚችል መስከረም ሳይጠባ ላኩት።